የጥቁር ጉድጓድ ነፋስን በማሽን ለርኒንግ ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከተማሪዎችና ከወዳጆች ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማሽን ለርኒንግ ማለት ኮምፒውተር ከብዙ ምሳሌ ራሱ እንዲማር ማድረግ ነው።

ከጥቁር ጉድጓድ ምንም አያመልጥም ከተባለ ነፋሱ ከየት ይመጣል?

ነፋሱ የሚነሣው ከጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን ከደጁ ነው። ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚሳብ ጋዝ ዘው ብሎ አይገባም፤ እየዞረ፣ እርስ በርሱ እየተፋተገና እየጋለ ጠፍጣፋ ሳህን የመሰለ ዲስክ ይሠራል። የዲስኩ ብርሃንና የመግነጢስ ኃይል ከዚያ ጋዝ የተወሰነውን ገፍቶ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የተፈጨው ሁሉ ወደ ከረጢቱ አይወርድም፣ ከፊሉ በኖ የባለ ወፍጮው ቅንድብ ላይ ያርፋል።

እዚህ የምንነጋገረው በጋላክሲዎች እምብርት ስለሚገኙት፣ ክብደታቸው የፀሐይን ሚሊዮንና ቢሊዮን እጥፍ ስለሚሆነው ግዙፎች ነው። ከእነርሱ የሚነሡት እጅግ ፈጣን ነፋሶች የብርሃንን ፍጥነት አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ በመቶ ይደርሳሉ። የእንግሊዝኛ ስማቸው ሲያጥር «ዩፎ» ስለሚሆን በየስብሰባው አንድ ሰው ስለ በራሪ ሳህን መቀለዱ አይቀርም። ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አሁን አያስቀኝም።

ለምን በኤክስሬይ? ከእንጦጦ ማየት አይቻልም?

ኤክስሬይ ሆስፒታል ስንሄድ ራጅ የምንለው ጨረር ነው። ከዲስኩ አጠገብ የሚነሣው ነፋስ ከባድ ጨረር ስለሚወርድበት አተሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ተገፍፈው አልቀዋል። ሃይድሮጅንና ሂሊየም እርቃናቸውን ስለቀሩ አሻራ አይተዉም። አንድ ወይም ሁለት ኤሌክትሮን የሙጥኝ ብሎ የሚቆየው ብረት ነው፤ የዚህ የተገፈፈ ብረት አሻራ ደግሞ የሚገኘው በኤክስሬይ ብቻ ነው።

የእንጦጦ ቴሌስኮፖች 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተተክለዋል፤ ለዓይን ብርሃን ጥሩ ቦታ ነው። ኤክስሬይን ግን ከባቢ አየራችን ከብዙ አሥር ኪሎ ሜትር በላይ ሳለ ስለሚውጠው ራስ ዳሸን አናት ላይ ቢወጡም ለውጥ የለም። ወደ ሕዋ መውጣት ግድ ነው። ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተተኮሰችው ደግሞ ከጎረቤታችን ነው፤ በታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ ከኬንያ የማሊንዲ ጠረፍ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ከተተከለ መድረክ። ቀኑ የኬንያ የነጻነት በዓል ነበርና ስሟ «ኡሁሩ» ተባለ፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ሥራ የምንጠቀምባቸው በ1999 የመጠቀው የአውሮፓ ኤክስኤምኤም ኒውተን፣ በ2012 የመጠቀው የአሜሪካ ኑስታር፣ እንዲሁም በመስከረም 2023 ከጃፓን የተነሣው ክሪዝም ናቸው።

ማንም ሳይደርስበት የነፋሱ ፍጥነት እንዴት ይታወቃል?

በምሳሌ እናስላው። ስፔክትረም ማለት ብርሃኑ በየጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ኩርባ ነው፤ አተም በሚውጠው ጉልበት ላይ ኩርባው ጎድጎድ ይላል፣ ያንን ጉድጓድ መስመር እንለዋለን። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የቀረው ብረት የሚውጠው ኤክስሬይ ጉልበቱ 6.97 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ይህን በቤተ ሙከራ እናውቀዋለን። ብረቱ ወደ እኛ እየገሰገሰ ከሆነ በዶፕለር ውጤት መስመሩ ወደ ከፍተኛ ጉልበት ይሸሻል። ፍጥነቱ የብርሃን ሩብ ከሆነ 6.97ን በ1.29 እናበዛለን፤ 9.0 ይመጣል። ግን ጋላክሲው ራሱ ከጽንፈ ዓለሙ መስፋት ጋር ከእኛ ይርቃል። ፒዲኤስ 456 የተባለውን ኩዌዛር (ጥቁር ጉድጓዱ ጋዝ እየሳበ እጅግ የሚደምቅ የጋላክሲ እምብርት) ብንወስድ ቀይ ሽሽቱ፣ ማለትም በመራቁ የጨረሩ ጉልበት የሚቀንስበት ልክ፣ 0.184 ስለሆነ 9.0ን ለ1.184 እናካፍላለን። መልሱ 7.6 ነው፤ በስፔክትረሙ ላይ ጉድጓዱን የምንፈልገው እዚያ አካባቢ ነው ማለት ነው።

ፍጥነቱ ሲታወቅ የመነሻ ቦታውንም መገመት ይቻላል። ነፋስ ከስበት ለማምለጥ ቢያንስ የማምለጫ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ከጥቁር ጉድጓዱ 32 የስበት ራዲየስ (ከጉድጓዱ ክብደት ጋር የሚያድግ የርቀት መለኪያ) በሚርቅ ቦታ ላይ የማምለጫ ፍጥነት የብርሃን ሩብ ነው። ስለዚህ በዚህ ፍጥነት የሚነፍስ ጋዝ የተነሣው ከዚያ አካባቢ ይመስላል። ከሁለት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የሚርቅ ነገርን ከአንድ የመስመር ሽሽት ተነሥቶ እንዲህ መናገር መቻሉ እስካሁን ይገርመኛል።

ይህ ነፋስ ለምን ያን ያህል ያሳስባል?

ጋላክሲውን ስለሚያራቁት። ኮከብ የሚሠራው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው፤ ነፋሱ ያንን ጋዝ ካሞቀው ወይም ጠርጎ ካወጣው ኮከብ መወለዱ ይቀንሳል። የጥቁር ጉድጓዶች ክብደት በዙሪያቸው ካሉት ከዋክብት እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ሆኖ መገኘቱ ሁለቱ አብረው ማደጋቸውን ይጠቁማል፤ ነፋሱም በመካከላቸው የሚመላለስ መልእክተኛ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ይህን ለማረጋገጥ ግን «ነፋስ አለ» ማለት አይበቃም። በዓመት ስንት የፀሐይ ክብደት ያህል ጋዝ እንደሚያወጣና ስንት ጉልበት እንደሚሸከም ማወቅ አለብን። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ፍጥነቱ ከመስመሩ በቀጥታ ይነበባል፣ የሚወጣው የጋዝ መጠን ግን በሞዴል በኩል ካልሆነ አይገኝም።

ሞዴሉ ካለ ማሽን ለርኒንግ ምን ያደርጋል?

ሞዴሉ አለ፣ ግን እንደ ኤሊ ነው። የሥራው ሁነኛ ዘዴ ሞንቴ ካርሎ ይባላል። ኮምፒውተሩ የብርሃን እሽጎችን አንድ በአንድ ወደ ነፋሱ ይለቃል፤ እያንዳንዱ እሽግ የት እንደሚነጥር፣ የት እንደሚዋጥ፣ በየት አቅጣጫ እንደሚወጣ በዕጣ እየተወሰነ ይከተለዋል። ብዙ ሚሊዮን እሽጎች ሲወጡ ስፔክትረም ይሠራሉ። ለፈጣን የዲስክ ነፋሶች በዚህ መንገድ ከሄዱት ሥራዎች ዋነኛው ስቱዋርት ሲምና ባልደረቦቹ በ2008ና በ2010 ያሳተሙት ነው። ዘዴው ሐቀኛ ነው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም፤ የስፔክትረሙን ግርግር በግማሽ ለመቀነስ የእሽጎቹን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ነፋሱን የሚገልጹ አምስት መለኪያዎች አሉን እንበል፦ የሚወጣው የጋዝ መጠን፣ የፍጥነቱ ልክ፣ የምናይበት ማዕዘን፣ የኤክስሬዩ ድምቀት፣ የጨረሩ ቁልቁለት። ለእያንዳንዱ አሥር ዋጋ ብንሰጥ 100,000 ስፔክትረም ይሆናል። አንዱ አንድ ሰዓት ቢወስድ በአንድ ፕሮሰሰር ከ11 ዓመት በላይ ነው። ይህም ገና ሰንጠረዡን ለመሙላት ነው። ዳታውን ከሞዴሉ ጋር በአግባቡ ለማዛመድ ደግሞ ስሌቱን ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ መጥራት ያስፈልጋል። በቀጥታ እናድርገው የሚል ሰው ጡረታ ይወጣል እንጂ ጽሑፍ አያወጣም።

ማሽን ለርኒንግ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። በጥንቃቄ የተመረጡ የተወሰኑ ሲሙሌሽኖችን አንድ ጊዜ ሠርተን ኒውራል ኔትወርክ (የሚገባውን ቁጥር ከሚወጣው ጋር ማያያዝን ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) እናሰለጥንባቸዋለን። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ አምስቱን ቁጥሮች ተቀብሎ ሲሙሌሽኑ ይሰጥ የነበረውን ስፔክትረም በዓይን ጥቅሻ ያወጣል። ይህ ኢሙሌተር ይባላል። በ2022 ጋብሪኤለ ማትዜኡና ባልደረቦቹ ያወጡት «ኤክስሬድ» የተባለ ሞዴል ይህንኑ በሲም ስሌት ላይ አደረገ፣ በፒዲኤስ 456 ላይም ሞከረው። ድካሙ አልጠፋም፤ ከማዛመዱ በፊት ተከፍሎ አለቀ እንጂ።

ሰንጠረዥ ሠርቶ መካከሉን መገመት አይበቃም ነበር?

ለዘመናት ያደረግነው ይህንኑ ነው። ኤክስስፔክ የተባለው የተለመደው ፕሮግራም የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ተቀብሎ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን በቀጥታ መስመር ይገምታል። ለለስላሳ ቅርጽ ይሠራል። ለሚንቀሳቀስ መስመር ግን ይዋሻል፤ ውሸቱም ዓይን ያወጣ ነው።

ሰንጠረዡ የብርሃን ፍጥነት 0.25ና 0.30 እጥፍ ላይ ስፔክትረም አለው እንበል። የመጀመሪያው መስመር 9.0 ላይ፣ ሁለተኛው 9.5 ላይ ነው። ለ0.275 ብትጠይቁት እውነተኛው መልስ 9.24 ላይ ያለ አንድ ጥልቅ መስመር ነው። ቀጥታ ግምቱ ግን ሁለቱን ስፔክትረሞች ደምሮ ለሁለት ያካፍላል፤ የሚወጣው 9.0ና 9.5 ላይ ሁለት ጎልዳፋ መስመሮች፣ 9.24 ላይ ደግሞ ምንም ነው! የሌለ ነፋስ ተፈጠረ፣ ያለው ጠፋ። መስመሮቹ ሰፊ ከሆኑ ጥፋቱ ይሸፈናል፤ ጠባብ በሆኑ ቁጥር ይብሳል። መድኃኒቱ ነጥቦቹን ማቀራረብ ነው፣ ያ ደግሞ ወደ 11 ዓመቱ ይመልሰናል። በሚገባ የሰለጠነ ኔትወርክ መስመሩ ፍጥነትን ተከትሎ እንደሚንሸራተት ከብዙ ምሳሌ ስለሚማር አንዱን መስመር በቦታው ያስቀምጠዋል።

ኢሙሌተር እንዴት ይሰለጥናል?

በመጀመሪያ የመለኪያዎቹ ወሰን ይወሰናል፤ ከዚያ በውስጡ ነጥቦች ይበተናሉ። እንደ ቡና ችግኝ በረድፍ ከመትከል ይልቅ የትኛውም ጥግ ባዶ እንዳይቀር፣ ግን ማንኛውም ዋጋ እንዳይደጋገም ተደርጎ መበተኑ በጥቂት ነጥብ ብዙ ያስተምራል። በየነጥቡ ሲሙሌሽን ይሮጣል። የሚገኙት ስፔክትረሞች ለሦስት ይከፈላሉ፦ ለማሰልጠኛ፣ በመንገድ ላይ ለመከታተያ፣ ለመጨረሻ ፈተና።

ከዚያ የዝግጅት ሥራ አለ፤ መጽሐፍ ላይ አንድ መስመር ነው፣ ወንበር ላይ ግን ሳምንት ይፈጃል። የኤክስሬይ ብርሃን በዝቅተኛ ጉልበት ብዙ፣ በከፍተኛው ትንሽ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ከሰጡት ኔትወርኩ የደመቀውን ክፍል ብቻ ለማሳመር ይጥራል፤ እኛ የምንፈልገው የብረት መስመር ያለበትን ደብዛዛ ክፍል እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። ስለዚህ በሎጋሪዝም ይሰጠዋል። የሞንቴ ካርሎው ግርግርም አለ። ኔትወርኩ ሲበዛ ትልቅ ከሆነ ግርግሩን እንደ ፊዚክስ ቆጥሮ በቃሉ ይይዘዋል፤ ሲበዛ ትንሽ ከሆነ ጠባብ መስመሮችን አብሮ ይደመስሳል።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ፣ ስለወደቅሁበት። አንድ የሞንቴ ካርሎ ሩጫ ከብዙ ማዕዘን የታዩ ስፔክትረሞችን በአንድ ጊዜ ይሰጣል። እኔ ሁሉንም ቀላቅዬ በዕጣ ለሦስት ከፈልኋቸው። የፈተናው ውጤት እጅግ ያማረ ሆነ፣ ለሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ነገሩ ሲገለጥ የፈተናው ስፔክትረሞች ወንድምና እህቶቻቸው ማሰልጠኛው ውስጥ ነበሩ፤ ተማሪው ጥያቄውን አስቀድሞ አይቶታል ማለት ነው። መከፈል ያለበት በሩጫ እንጂ በስፔክትረም አይደለም።

ታዲያ ኔትወርኩ ፊዚክስ ያውቃል?

አያውቅም። ንባብ ቤት ጨርሶ መጽሐፍ ቤት ያልገባን ተማሪ አስቡት፤ ዳዊቱን ያለ አንዲት ስሕተት ይደግመዋል፣ ትርጓሜውን ግን ገና አልተማረም። ኢሙሌተርም እንዲሁ ነው። ብረት ምን እንደሆነ፣ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ለምን እንደሚዋጥ የሚነግረው የለም። እነዚህ ቁጥሮች ሲገቡ ይህን የመሰለ ኩርባ ይወጣል፤ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ፊዚክሱ ያለው በሞንቴ ካርሎው ውስጥ ነው፤ እዚያ የተሳሳተ ግምት ካለ ኔትወርኩ ስሕተቱን በታማኝነትና በፍጥነት ይደግመዋል። ከሰው ጋር ከሚያወሩት ፕሮግራሞች ጋር የሚጋራው የሒሳብ መሠረቱን ነው፤ መጠኑ ግን ከእነርሱ አጠገብ ሲቆም ጤፍ ቅንጣት ነው።

ይህን ለመሞከር ሱፐር ኮምፒውተር ያስፈልጋል? ኢትዮጵያ ሆኜስ?

ማሰልጠኛ ሲሙሌሽኖችን ከባዶ ለመሥራት አዎ፣ ብዙ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ኔትወርኩን ለማሰልጠን ግን ደህና ላፕቶፕ ይበቃል። ዳታውም ክፍት ነው፤ የኤክስኤምኤም ኒውተን ምልከታ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም ይለቀቃል፣ የኑስታርና የክሪዝምም በየማኅደራቸው ይገኛል። ኤክስስፔክም ነጻ ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያለ የማስተርስ ተማሪ ዛሬ ማታ የፒዲኤስ 456ን ስፔክትረም አውርዶ ጉድጓዱን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

የምመክረው ቢኖር ከቀላል ሞዴል መጀመርን ነው። ኤክስስፔክ ውስጥ ያለ ፈጣን የመምጠጥ ሞዴል ወስዳችሁ አንድ ሺህ ስፔክትረም አውጡ፣ ኢሙሌተር ሥሩለት፣ ከዋናው ጋር አነጻጽሩ። ዋናው ፈጣን ስለሆነ ስሕተታችሁን ወዲያው ታዩታላችሁ። ደግሞም ስልጠናውን በየጥቂት ዙሩ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ሊጨርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ስሕተቱ ምን ያህል ቢሆን ይፈቀዳል?

መልሱ ያለው በፎቶን ቁጥር ውስጥ ነው። በአንድ የስፔክትረም ክፍል 100 ፎቶን ከተቆጠረ የተፈጥሮ መዋዠቁ 10 ያህል ነው፣ ማለትም አሥር በመቶ። 10,000 ከተቆጠረ አንድ በመቶ ይሆናል። የኢሙሌተሩ ስሕተት ከዚህ መዋዠቅ በግልጽ ማነስ አለበት፤ አለዚያ የምናነበው ሰማዩን ሳይሆን የኔትወርኩን ጠባይ ነው። ለደብዛዛ ኩዌዛር የተፈቀደው ለደማቅ ጎረቤት ጋላክሲ ላይፈቀድ ይችላል፤ «ኢሙሌተሬ ሁለት በመቶ ይሳሳታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ዳታው ሳይጠቀስ ትርጉም የለውም።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። የብረቱ መስመር ከጠቅላላው ስፔክትረም ትንሽ ክፍል ብቻ ነው የሚይዘው። ሌላው ሁሉ ለስላሳ ስለሆነ ኔትወርኩ እዚያ በግማሽ በመቶ ቢሳሳት፣ መስመሩ ላይ ደግሞ በአሥር በመቶ፣ አማካዩ አሁንም ያማረ ይመስላል። የጋዙን መጠን የምናወጣው ግን ከመስመሩ ጥልቀት ነው! ስለዚህ ስሕተቱ በጉልበት ተለይቶ ይሣል፤ ሥዕሉ 6.5ና 10 መካከል ተራራ ከሠራ ወደ ስልጠና መመለስ ነው።

ከሰለጠነበት ወሰን ውጭ ቢጠየቅ ምን ይላል?

ይመልሳል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሲሙሌሽን ወሰኑ ሲያልፍ ይወድቃል ወይም ያስጠነቅቃል። ኔትወርክ ግን እፍረት የለውም፤ እስከ 0.3 ድረስ ብቻ ለሰለጠነበት ፍጥነት 0.45 ቢሰጡት ልስልስ ያለ፣ እውነት የሚመስል ስፔክትረም አውጥቶ ያስረክባል። ስለዚህ ወሰኑ በፕሮግራሙ ውስጥ ይታጠር። አጥሩም መፍትሔ ብቻ ሳይሆን ምልክት ነው፤ የማዛመዱ ውጤት ወሰኑ ላይ ተደግፎ ከቆመ ትክክለኛው መልስ ምናልባት ከአጥሩ ማዶ አለ። ብዙ ጊዜ ይህን ሳያዩ ወሰኑን እንደ መለኪያ ውጤት የሚዘግቡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

መስመሩ ራሱ እውነት ባይሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰዎች ግን ሳይጠይቁት ወደ ሞዴሉ ይሮጣሉ። ሰፊ የጉልበት ክልል ውስጥ ጉድጓድ ፍለጋ ከዞሩ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ ቦታ አንድ ጉድጓድ መገኘቱ አይቀርም። ሳይመን ቮንና ፊል አትሊ በ2008 የዚያን ጊዜ ሪፖርቶች ሰብስበው ሲያዩ፣ ደካማ ዳታ ላይ የተገኙ ጠባብ መስመሮች ጠንካራ ሆነው የሚታዩ፣ ዳታው ሲሻሻል ደግሞ የሚደክሙ መሆናቸውን አመለከቱ። የታተመው ያጋጣሚው ጫፍ ነበር ማለት ነው። በኋላ በ2010 ፍራንቸስኮ ቶምቤዚና ባልደረቦቹ ደካማ የሬዲዮ ጨረር ያላቸውን 42 ጋላክሲዎች በአንድ ወጥ ዘዴ መርምረው ከሦስቱ በአንዱ በላይ ፈጣን ነፋስ አገኙ፤ የአጋጣሚውን ድርሻም በሲሙሌሽን ለኩ።

ኢሙሌተር እዚህ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ፈጣን ስለሆነ ነፋስ የሌለባቸውን አሥር ሺህ የውሸት ምልከታዎች ፈጥሮ ስንቱ ነፋስ ያለ እንደሚመስል ለመቁጠር ያስችላል። በዚያው ፍጥነት ግን ማንኛውንም ጥርጣሬ በነፋስ ለማልበስ ያስችላል። መሣሪያው ምስክር አይሆንም።

ስፔክትረሙን ሰጥቶ መልሱን በቀጥታ መቀበል አይቻልም? ማዛመዱ ለምን አስፈለገ?

ይቻላል፣ እየተሠራበትም ነው። በዚህ መንገድ ኔትወርኩ በተቃራኒው ይሰለጥናል፤ ከመለኪያ ወደ ስፔክትረም መሄዱን ትቶ ከስፔክትረም ወደ መለኪያዎቹ የመሆን ዕድል ይሄዳል። ዲዲየር ባሬና ሲሞን ዱፑርኬ በ2024 ይህን ለኤክስሬይ ስፔክትረም አሳይተዋል፤ ከተለመደው ዘዴ ጋር የሚስማማ መልስ እጅግ በአጠረ ጊዜ አገኙ። አንድ ጊዜ የሰለጠነ ኔትወርክ በሺህ የሚቆጠሩ ስፔክትረሞችን በተራ ሊያነብ ስለሚችል በ2030ዎቹ ለማምጠቅ ለታሰበው የአውሮፓ ኒው አቴና ሳተላይት ዘመን ያስፈልጋል።

የማልወድለት ነገር አለ። እንዲህ ያለው ኔትወርክ የሚያውቀው ያሰለጠኑበትን ቴሌስኮፕ፣ ያንን የምልከታ ርዝመት፣ ያንን የጀርባ ጨረር ነው። እውነተኛው ዳታ ውስጥ ሲሙሌሽኑ ያላካተተው የመሣሪያ ጉድለት ካለ ኔትወርኩ አይቶት እንደማያውቅ አይነግርም፤ ጠባብ ስሕተት ያለው የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ የተገኘውን መልስ መልሶ ወደ ሞዴሉ አስገብቶ የሚወጣው ስፔክትረም ከዳታው ጋር ጎን ለጎን ይታይ። ይህን ለማድረግ ደግሞ ያው የመጀመሪያው ኢሙሌተር ያስፈልጋል።

ኢሙሌተሩ ፍጹም ሆኖ መልሱ ስሕተት ሊሆን ይችላል?

እንዴታ። መጀመሪያ መለኪያዎቹ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። ብዙ ጋዝ የሚያወጣ ነፋስ ከጎን ሲታይና ትንሽ የሚያወጣ ነፋስ በመሐሉ ሲታይ ተቀራራቢ መስመር ሊሰጡ ይችላሉ። የጨረሩ ድምቀት ሲጨምርም ብረቱ ይበልጥ ይገፈፍና መስመሩ ይደበዝዛል፤ ጋዙ የቀነሰ ይመስላል። ፈጣን ኢሙሌተር እነዚህን ጥምረቶች ሁሉ ለመጎብኘት ጊዜ ይሰጠናል፤ ቀድሞ ግን አንዱን ሸለቆ አግኝተን እዚያው ሰፍረን እንቀር ነበር። ጥምረቱን መለየት ግን የዳታው ሥራ ነው። በ2013ና በ2014 ኤክስኤምኤም ኒውተንና ኑስታር ፒዲኤስ 456ን በአንድ ጊዜ ሲያዩ የነፋሱ የመምጠጥ መስመር ብቻ ሳይሆን መልሶ የሚያበራው ክፍልም ታየ፤ ከዚያ ነፋሱ በሁሉም አቅጣጫ የሚነፍስ ሰፊ መሆኑን ኤማኑኤለ ናርዲኒና ባልደረቦቹ በ2015 አሳዩ። ማዕዘኑን ያጠበበው ያ ነው።

ክሪዝም ያየው ከሞዴሎቹ ጋር ካልተስማማስ?

አልተስማማም። ክሪዝም ላይ ያለው ሪዞልቭ የተባለ መሣሪያ 36 ነጥቦች ብቻ አሉት፤ ከፍጹም ዜሮ በላይ አንድ ሃያኛ ዲግሪ ላይ ቀዝቅዞ እያንዳንዱ ፎቶን ሲያርፍ የሚፈጥረውን ሙቀት ይለካል። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች በብረት አካባቢ 150 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲለዩ ይህ 5 ገደማ ይለያል። የመሣሪያው መዝጊያ በር ሳይከፈት በመቅረቱ ከ1.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለውን ማየት አይችልም፣ ብረቱን ግን አልነካውም። በ2024 ፒዲኤስ 456ን ሲያይ ቀድሞ አንድ ሰፊ ጉድጓድ የሚመስለው ነገር ተሰነጣጠቀ፤ የብርሃንን ፍጥነት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚጓዙ አምስት የተለያዩ ክፍሎች ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ2025 ሲታተም ነፋሱ ለስላሳ ጅረት ሳይሆን የጓል ክምር መሆኑን ነገረን።

የሲም ሞዴልና በእርሱ ላይ የተሠሩ ኢሙሌተሮች የሚያስቡት ለስላሳ ነፋስ ነው። ለ150 ኤሌክትሮን ቮልት ዓይን በቂ ነበሩ። አሁን ሁለት ነገር ተቀየረ። አንደኛ፣ ከ2 እስከ 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል ኔትወርኩ 50 ያህል ነጥብ በትክክል ቢያወጣ የሚበቃው የነበረ አሁን 1,600 ያህል ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ የጓሎቹ መጠን፣ ብዛትና ስርጭት አዳዲስ መለኪያዎች ናቸው፤ በአምስቱ ላይ ሦስት ብንጨምር የድሮው ሰንጠረዥ ከ100,000 ወደ መቶ ሚሊዮን ያድጋል። ማንም አይሞላውም። ቀድሞ ያየነው የቀጥታ ግምት ጣጣም ይመለሳል፤ በሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው ሁለት ፍጥነት ሲያይ ሁለት ጓል ነው ወይስ የሰንጠረዡ ጥፋት እንደሆነ መለየት አይችልም።

ስለዚህ የማሰልጠኛው አሰባሰብ ራሱ እየተለወጠ ነው። ነጥቦቹን አስቀድሞ ከመበተን ይልቅ በጥቂት ሲሙሌሽን ይጀመራል፤ የተለያዩ ኔትወርኮች በአንድ ዳታ ይሰለጥኑና የት እንደሚለያዩ ይታያል። በሚስማሙበት ቦታ ተጨማሪ ሩጫ ገንዘብ ማባከን ነው። በሚጨቃጨቁበት ቦታ አዲስ ሞንቴ ካርሎ ይታዘዛል፤ ሲመለስ ተጨምሮ እንደገና ይሰለጥናል። እኔ የማየው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚነሣው ነፋሱን በጠርዙ በኩል፣ እይታው ጓሎቹን ገና መንካት በሚጀምርበት ማዕዘን ላይ ነው። ዛሬ ሌሊት ሰልፍ ላይ ያሉት ሩጫዎቼ ሁሉ እዚያ ናቸው።